ባትሪውን ማን ጨረሰው? ስለ ናፍጣ መኪና ማሞቂያና ስለ ባትሪ መድከም

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ አጨዳና ውቂያ የሚበረታው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ጤፉና ስንዴው ከአውድማ ተነሥቶ ወደ ገበያ መጫን የሚጀምረው በታኅሣሥና በጥር ነው። የሌሊቱ ብርድ የሚጠናውም በዚሁ ወቅት ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ያንዘፈዝፋል፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። እንግዲህ መኪና አጥብቆ የሚፈለግበት ወቅትና መኪና አልነሣ የሚልበት ወቅት አንድ ሆነ ማለት ነው።

ከግንደ ወይን ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም በደብረ ወርቅና በብቸና አድርጎ ወደ ደጀን የሚሄደው እህል የሚጓዘው በናፍጣ መኪና ነው። እናቶችን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ላንድ ክሩዘር አምቡላንስም የናፍጣ መኪና ነው። መኪናው ጠዋት ካልተነሣ እህሉ ገበያ ያመልጠዋል፤ ምጥ የያዛት እናት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ይደርስባታል።

መኪና አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ባትሪ ይገዛል። አንድ ወር ሳይሞላው አዲሱም ይሞታል። ይሄ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። ባትሪው የሞተ ቢሆንም የገደለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ገዳዩ ሳይታወቅ ባትሪ መለወጥ ነቀዝ ባለበት ጎተራ አዲስ እህል እንደ መጨመር ነው።

ይህ ትምህርት የተጻፈው ሁላችንም መካኒክ እንድንሆን አይደለም። መኪና ያለው፣ በመኪና የሚያስጭን፣ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ያለው፣ ወይም የማኅበር ገንዘብ በእጁ የሆነ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

1. የናፍጣ ሞተር እሳቱን ከየት ያገኛል?

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው። ካንዴላው ብልጭ እያለ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። እሳቱን የሚያገኘው አየርን በመጨመቅ ነው።

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደጋግሞ ሲነፋ የፓምፑ ጫፍ እጅን ያሞቃል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃልና ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ እጥፍ ያህል ይጨመቃል። ያን ጊዜ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። ናፍጣው በዚህ በጋለ አየር ላይ ሲረጭ ክብሪት ሳያስፈልገው ይነድዳል።

ይህን ሞተር የሠራው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። አውግስቡርግ በተባለች ከተማ ሞተሩን ሠርቶ ያሳየው በ1889 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሞተሩ ስም ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል።

ታዲያ ብርድ ምን ያደርጋል? ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ብረት ሙቀት ይሰርቃል። አየሩ ተጨምቆ ሲሞቅ ብረቱ ሙቀቱን ይወስድበታል። በደጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሚጨመቀው አየር ካነሰ የሚገኘውም ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ሞቃት በሆነው በአባይ በረሃ አድሮ በአንድ ቁልፍ የተነሣ መኪና ደጀንን ወጥቶ ደጋ ሲያድር ቢያስቸግር አይገርምም።

ለዚህ ችግር የተበጀው መፍትሔ ካንዴሌታ ነው። ካንዴሌታ የጣት ያህል የሆነ ብረት ነው። ጫፉ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። በውስጡ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ይግላል። ጫፉ እስኪቀላ ድረስ ይሞቅና ናፍጣው እንዲነድድ ይረዳል። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ካለው አራት ካንዴሌታ፣ ስድስት ካለው ስድስት ይኖረዋል። ብዙ ትልልቅ ከባድ መኪናዎች ግን ካንዴሌታ የላቸውም፤ ሌላ ዓይነት ማሞቂያ አላቸው ወይም ያለማሞቂያ ይነሣሉ።

ስሙ እንግዳ ቢመስል ካንዴላ፣ ካንዴሌታ፣ ሞተሪኖ፣ ችንጋ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ቁልፉ ግማሽ ሲዞር በሾፌሩ ፊት አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች። ሥዕሏ የተጠቀለለ ሽቦ ይመስላል። ትርጉሟም «ጠብቅ፣ እየሞቀ ነው» ማለት ነው። ስትጠፋ ነው ቁልፉን ጨርሶ ማዞር። የሚቸኩል ሾፌር መብራቷን ሳይጠብቅ ያዞራል፤ የሚከፍለው ባትሪው ነው።

2. ባትሪ ጎተራ ነው

ባትሪ ኤሌክትሪክ አያመርትም፤ ያጠራቅማል እንጂ። ስለዚህ እንደ ጎተራ እንየው። ጎተራውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ ነው፤ ችንጋውን ደግሞ ሞተሩ ያዞረዋል። ከጎተራው የሚወስዱት ሞተሪኖ፣ ካንዴሌታ፣ መብራት፣ ጡሩምባና ራዲዮ ናቸው።

በባትሪው ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ማንበብ የቻለ ሰው ሊያነባቸው ይገባል። 12 የሚለው የቮልቱ ልክ ነው። በብዙ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተያይዘው 24 ይሆናሉ። 70 ወይም 100 የሚለው ደግሞ የጎተራው ስፋት ነው፤ አምፔር ሰዓት ይባላል። አንዱን አምፔር ሰዓት እንደ አንድ ቁና ቁጠሩት። 100 የተጻፈበት ባትሪ አዲስ ሳለ መቶ ቁና ይይዛል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ካንዴሌታ ሲሞቅ 10 አምፔር ያህል ይወስዳል እንበል። አራቱ 40 አምፔር ይወስዳሉ። ለሃያ ሴኮንድ ቢበሩ ከጎተራው የሚወጣው ሩብ ቁና እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ካንዴሌታ በደንብ ሲሠራ ባትሪ አይጨርስም።

ካንዴሌታው ሲቃጠልስ? ሞተሩ አይነሣም። ሾፌሩ ደጋግሞ ሞተሪኖውን ያዞራል። ሞተሪኖ ትልቅ በላተኛ ነው። 300 አምፔር ቢወስድ በአንድ ደቂቃ ብቻ 5 ቁና ይበላል። አራትና አምስት ደቂቃ ሲያዞሩት ሩቡ ጎተራ አለቀ። በብርድ ደግሞ ባትሪው ራሱ ይደክማል። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ከአቅሙ ሲሶ ያህል ያጣል። የሞተሩም ዘይት ስለሚወፍር መዞሩ ይከብዳል። በዚህ መንገድ የካንዴሌታ በሽታ የባትሪ በሽታ መስሎ ይታያል።

ነገሩ ተገላቢጦሽም አለው። የደከመ ባትሪ ካንዴሌታውን በበቂ አያሞቀውም። ያን ጊዜ ደህናው ካንዴሌታ «ተቃጥሏል» ተብሎ ይጣላል። አንዱ በሽታ ሌላውን እየወለደ ስለሚሄድ በመጀመሪያ ምልክቱን መለየት ያስፈልጋል።

3. በጆሮና በዓይን መለየት

አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ ሌላው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ።

ሀ. ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ፣ ጥፋቱ ከባትሪው፣ ከባትሪው ገመድ ወይም ከራሱ ከሞተሪኖው ነው። በቅድሚያ የገመዶቹን መታሰሪያ ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ፣ ወይም በእጅ ሲነካ ከተንቀሳቀሰ፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ ኃይሉ አያልፍም። ይህን ለማጽዳት ሙቅ ውኃና ብሩሽ ይበቃል፤ አዲስ ባትሪ አያስፈልግም።

ለ. ሞተሪኖው ፈጥኖ ከዞረ፣ ነጣ ያለ ጭስም ከወጣ፣ ግን ሞተሩ ካልተነሣ፣ ናፍጣው ገብቷል፤ ሙቀት ግን አላገኘም። ካንዴሌታው የሚጠረጠረው ያን ጊዜ ነው።

ሐ. ሞተሪኖው ፈጥኖ ከዞረ፣ ጭስ ግን ጨርሶ ከሌለ፣ ናፍጣው አልደረሰም። የናፍጣ ማጣሪያውና መስመሩ ይታይ፤ ካንዴሌታ መግዛት ከንቱ ነው።

መ. ሞተሩ ተነሥቶ ለጥቂት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ከጮኸ፣ ሲሞቅ ግን ከተስተካከለ፣ ምናልባት ከካንዴሌታዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ተቃጥለዋል።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። መኪናው ከሰዓት በኋላ ሞቆ ሳለ ቶሎ ይነሣል ወይ? ቀን እየተነሣ ጠዋት ብቻ እንቢ ካለ ካንዴሌታን ወይም የደከመ ባትሪን ጠርጥሩ። ሞቆም የማይነሣ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ነው።

4. ካንዴሌታ እንዴት ይፈተሻል?

በሞተሩ ራስ ላይ ካንዴሌታዎቹን የሚያገናኝ ቀጭን ብረት ወይም ገመድ አለ። ቁልፉ ተዘግቶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይህ ብረት ይፈታል። ከዚያም ሁለት ሽቦ የታሰረባት አንዲት የመኪና አምፖል ትያዛለች፤ ለባለ 12 ቮልት መኪና ባለ 12፣ ለባለ 24 ባለ 24 አምፖል ትሁን። አንዱ ሽቦ በባትሪው የመደመር ምልክት (+) ባለበት ጫፍ ይታሰራል፤ ሌላው የካንዴሌታውን ራስ ይነካል። አምፖሏ ከበራች ሽቦው አልተበጠሰም። ካልበራች ያ ካንዴሌታ ሞቷል። እንዲህ እያሉ ተራ በተራ ማየት ነው።

ሁሉም ደህና ከሆኑ ኃይሉ እስከ እነርሱ አልደረሰ ይሆናል። ፊውዙና ሪሌው ይታዩ። ሪሌ ማለት ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋ በር ጠባቂ ነው።

አዲስ ካንዴሌታ ሲገዛ በላዩ የተጻፈውን የቮልት ቁጥር አንብቡ፤ ከአሮጌውም ጋር አስተያዩ። ለ12 ቮልት የተሠራው በ24 ቮልት መኪና ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል። ለ24 የተሠራው በ12 ቢገባ አይሞቅም። መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው ቁጥሩ ነው። ከዚህ በፊት ማንበብ የማይችል ገዢ ሻጩን ማመን ብቻ ነበር ዕድሉ። ዛሬ ግን ዕቃውን በራሱ ዓይን ማንበብ ይችላል።

5. ጎተራው የት ያፈስሳል?

ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ከሆነ፣ ሌሊቱን የሚጠጣው ነገር አለ። ትንሽ ማፍሰስ እንደ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በሰዓት አንድ ቁና የሚወስድ ነገር የመቶ ቁናን ጎተራ በመቶ ሰዓት ይጨርሳል፤ ይኸውም ከአራት ቀን ትንሽ የሚበልጥ ነው። ለዚህ አንዲት የጋቢና መብራት ሳትጠፋ መቅረቷ ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን የካንዴሌታው ሪሌ ተጣብቆ ሲቀር ነው። በር ጠባቂው በሩን ከፍቶ ተኛ ማለት ነው። ቁልፉ ቢወጣም ካንዴሌታዎቹ መሞቃቸውን ይቀጥላሉ። አራቱ በሰዓት 40 ቁና ከወሰዱ የመቶው ጎተራ በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ካንዴሌታዎቹም አብረው ይቃጠላሉ። ባትሪም ካንዴሌታም በአንድ ጊዜ ከሞቱ፣ ሁለቱ ተለውጠው እንደገና ከሞቱ፣ ሪሌውን ተመልከቱ። ሪሌ ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ዕቃ ነው።

ማፍሰሱን ለማወቅ እንዲህ ይደረጋል። ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ይውጣ፤ መብራቱ ሁሉ ይጥፋ፤ በሩ ይዘጋ። የመቀነስ ምልክት (−) ያለበት የባትሪ ገመድ ይፈታ። ያቺኑ አምፖል በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል አድርጉ። አምፖሏ ካልበራች መልካም ነው። ደምቃ ከበራች የሚጠጣ ነገር አለ። ያን ጊዜ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ። አምፖሏ የጠፋችበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መስመር ይነግራችኋል። ሁሉም ተነቅለው ካልጠፋች የካንዴሌታው ሪሌና የዲናሞው ገመድ ተራ በተራ ተፈትተው ይታዩ።

ሁለት ባትሪ ባላቸው መኪናዎች ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ባለ 12 ራዲዮ ይገዛና ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይቀጠላል። ሁለት በሬ ጠምዶ አንዱን ብቻ እንደ ማረስ ነው። ያ ባትሪ ይደክማል፤ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ያለቅናቸው ያረጃሉ። ባትሪ ሲለወጥም ሁለቱ እኩል ቁጥር ያላቸው ሆነው አብረው ይለወጡ።

ጎተራው የማያፈስስ ሆኖ ሳለ የማይሞላም አለ። ችንጋው ላልቶ ከሆነ ዲናሞው በደንብ አይዞርም። የቮልት መለኪያ ያለው መካኒክ ይህን በአንድ ደቂቃ ያውቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ባለ 12 ባትሪ 12.6 ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። ለ24 ቮልት መኪና ቁጥሮቹን በሁለት ማባዛት ነው።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞን መፈተን የሚወዱ አሉ። ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ዲናሞውን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።

6. አደጋውን እንወቅ

ባትሪ ሲሞላ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። በኩራዝ፣ በክብሪት ወይም ሲጋራ ይዞ ባትሪ መመልከት ፊትንና ዓይንን ያሳጣል። ማታ ከሆነ በእጅ ባትሪ ተመልከቱ።

በባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ሥጋ ያቃጥላል። ዓይን ወይም ገላ ከነካ ሳትዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለሩብ ሰዓት ያህል እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውኃው የጎደለ ባትሪ የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውኃ ነው፤ የወንዝ ውኃ ወይም አሲድ አይደለም።

የባትሪ ገመድ ሲፈታ መጀመሪያ የመቀነሱ (−) ይፈታል፤ ሲታሰር መጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። በዚህ መንገድ መፍቻው ብረት ቢነካ ብልጭታ አይፈጠርም።

ካንዴሌታ ባለው ሞተር አየር ማስገቢያ ላይ ቤንዚን ወይም ማስነሻ ጋዝ መርጨት የተከለከለ ነው። የጋለውን ካንዴሌታ ሲያገኝ ይፈነዳል፤ ፒስቶን ይሰብራል፤ ሰውም ያቃጥላል። ከሞተሩ ሥር እሳት አንድዶ ማሞቅም እንዲሁ ነው። የናፍጣና የዘይት ጠብታ ባለበት ቦታ እሳት ማንደድ መኪናውን ከነጭነቱ ማቃጠል ነው።

መኪናን ቁልቁለት ላይ አሳድሮ ጠዋት በመንደርደር ማስነሣት የተለመደ ነው። ሆኖም ሞተሩ ካልተነሣ ፍሬኑ ይደክማል፤ መሪውም ይከብዳል። ከፊት ሰው፣ ከብት ወይም ቤት ካለ ፈጽሞ አይሞከር። ልጆችም ከኋላ አይግፉ።

7. ገንዘብ ከመክፈል በፊት

የአንድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ «ሁለት ባትሪ ይገዛ» ተባለ እንበል። ከመክፈሉ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ። የባትሪው ገመዶች ጸድተው ጠብቀዋል ወይ? ችንጋው ታይቷል ወይ? ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ተለክቶ ስንት ሆነ? ቁልፉ ወጥቶ ሳለ የሚያፈስስ ነገር እንዳለ ተፈትኗል ወይ? ካንዴሌታዎቹና ሪሌያቸው ታይተዋል ወይ? የአምስቱን መልስ በደብተሩ ከቀኑ ጋር ይጻፍ። መልስ ያለው መካኒክ በጥያቄው አይቆጣም። አምስቱ ሁሉ ደህና ሆነው ባትሪው ካልያዘ፣ በእውነትም አርጅቷልና ይገዛ።

የተገዛበትንም ቀን በባትሪው ላይ መጻፍ መልካም ነው። ከዓመት በኋላ ስንት ጊዜ እንዳገለገለ የሚመሰክረው ያ ጽሑፍ ነው። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። የላላ ችንጋ በጥቅምት ቢጠብቅ፣ የተቃጠለ ካንዴሌታ በኅዳር ቢለወጥ፣ በታኅሣሥ ሌሊት እህል ጭኖ የቆመ መኪና አይኖርም።

ጥያቄዎች

1. የናፍጣ ሞተር ያለ ብልጭታ እንዴት ይነድዳል? የብስክሌት ፓምፕን ምሳሌ አድርጋችሁ አስረዱ።
2. በደጋ አገር ማለዳ መኪና ማስነሣት የሚያስቸግርበትን ሁለት ምክንያት ጻፉ።
3. ሞተሪኖው ፈጥኖ ዞሮ ነጣ ያለ ጭስ ቢወጣ፣ ግን ሞተሩ ባይነሣ፣ ምን ትጠረጥራላችሁ?
4. 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለ። በሰዓት 5 አምፔር የሚወስድ ነገር ሳይጠፋ ቢቀር ባትሪው በስንት ሰዓት ያልቃል?
5. የካንዴሌታ ሪሌ ተጣብቆ ሲቀር በባትሪውና በካንዴሌታዎቹ ላይ ምን ይደርሳል?
6. ባትሪን በኩራዝ ብርሃን ማየት ለምን ያሰጋል?
7. በአካባቢያችሁ ያለ ሾፌር ወይም ረዳት ጠይቁ። ባትሪ ከመለወጡ በፊት ምን ምን ይመለከታል? የነገራችሁን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።